የጣውላ ወለል አያያዝ በጎንደር፦ ከውሃና ከአሸዋ እንዴት እንጠብቀው?

ጎንደር ውስጥ የእንጨት ወለል ባለው ቤት የምትኖሩ ከሆነ ይህ ጽሑፍ ለእናንተ ነው። ፒያሳ አካባቢ በጣሊያን ጊዜ ከተሠሩት ቤቶች መካከል ጣውላቸው እስከ ዛሬ የሚረገጥ አሉ። ከ80 ዓመት በላይ የቆየ እንጨት ማለት ነው። በአዲስ ቤት ሳሎኑን ፓርኬት ያስነጠፈም አለ። ሁለቱም ከተያዙ ለልጅ ልጅ ይተርፋሉ። ካልተያዙ ግን ጥቂት ክረምት ይበቃቸዋል።

የሚገርመው፣ ብዙ ጊዜ ወለሉን የሚጎዳው ቸልተኝነት አይደለም። ጽዳት ነው። ሲሚንቶና ሴራሚክ ላይ የለመድነውን ይዘን ጣውላው ላይ እንመጣለን። ባልዲ ሙሉ ውሃ፣ ኦሞ፣ በረኪና፣ ከዚያ ሙልጭ አድርጎ ማጠብ። ቤቱ ለጊዜው ጥሩ ይሸታል፣ ያበራል። ውሃው ግን በጣውላዎቹ መገጣጠሚያ ወደ ውስጥ ገብቶ ከሥር ይቀመጣል። ከላይ ያያችሁት ሲደርቅ ከታች ያለው ገና እርጥብ ነው።

ለምን ይህ ክፉ እንደሆነ ለመረዳት የእንጨትን ጠባይ ማወቅ ያስፈልጋል። እንጨት ከተቆረጠ በኋላም ከአየሩ እርጥበት ይቀበላል፣ ይሰጣል። እርጥበት ሲቀበል ያብጣል፣ ሲሰጥ ይኮማተራል። ይህ የሚሆነው በወርዱ በኩል ነው። በርዝመቱ በኩል ለውጡ ከቁጥር አይገባም። የጎንደር አየር ደግሞ ሁለት ፊት አለው። ከሰኔ እስከ መስከረም ዝናብ ነው፣ ሐምሌና ነሐሴ በተለይ። ከዚያ በኋላ ወራት የሚዘልቅ ደረቅ በጋ ይመጣል። ከተማዋ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,100 ሜትር በላይ ላይ ስለሆነች ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ቀን ላይ ፀሐዩ ያቃጥላል። ጣውላችሁ በየዓመቱ እያበጠ እየተኮማተረ ይኖራል። ይህ ተፈጥሮው ነው፣ አይጎዳውም። የሚጎዳው በዚህ ላይ እኛ የምንጨምርበት ውሃ ነው።

መጀመሪያ፦ ወለላችሁ በምን እንደተቀባ እወቁ

ሁሉም ነገር የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው። ቫርኒሽ የተቀባ፣ ሰም የተቀባና ጎማላካ (በስፒርቶ የሚሟሟ ማብሪያ ቅብ) የተቀባ ወለል አያያዛቸው ይለያያል። ማን እንደቀባው የሚያስታውስ ሰው ከሌለ ራሳችሁ ፈትሹ። አልጋ ወይም ቁምሳጥን ሥር፣ ሰው የማያየው ጥግ ምረጡ።

ሁለት ሦስት ጠብታ ውሃ ጠብ አድርጉና አሥር ደቂቃ ያህል ጠብቁ። ውሃው እንደ ዶቃ ተሰብስቦ ከቆየና ሲጠረግ ምንም ካልተወ፣ ቫርኒሽ ነው፤ ገናም ጤነኛ ነው። ነጣ ያለ ምልክት ከተወ ሰም የመሆኑ ነገር ያመዝናል። ውሃው ወደ ውስጥ ሰርጎ እንጨቱን ካጠቆረው ግን ቅቡ አልቋል፤ ጣውላው ራቁቱን ነው ማለት ነው።

ሰም መሆኑን ለማረጋገጥ አኳራጃ (የቀለም ማቅጠኛ) የነካ ነጭ ጨርቅ አሹበት። ቢጫ ወይም ቡናማ ነገር ይዞ ከመጣ ሰም ነው። ጎማላካን የሚያጋልጠው ስፒርቶ ነው። ጥጥ በስፒርቶ ነክራችሁ ስታሹት ቅቡ ከተልፈሰፈሰና ከተጣበቀ ጎማላካ ነው። ከውጤቱ አንድ ነገር ያዙ፦ ሰምና ጎማላካ ውሃ አይችሉም። ቫርኒሽ ትንሽ ይችላል። ያለቀ ቅብ ምንም አይችልም።

በር ላይ

ከውሃ ቀጥሎ ትልቁ ጠላት አሸዋ ነው። ከበር ውጭ ያለው አፈር ውስጥ ጥቃቅን ጠጠር አለ። ጫማ ሥር ተጣብቆ ይገባል፣ ከዚያ በእያንዳንዱ እርምጃ ቅቡን ይፍቃል። ወለል መሃል መሃሉ ደብዝዞ ጥግ ጥጉ የሚያበራው ለዚህ ነው፤ ሰው የሚመላለስበት መንገድ ተፍቋል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከበሩ ውጭ ሸካራ ነገር አድርጉ፣ ጭቃ የሚፍቅ። የቆየ ጆንያ አራት እጥፍ አጥፎ ማስቀመጥ ይበቃል። ከበሩ ውስጥ ደግሞ እርጥበት የሚጠጣ ወፍራም ጨርቅ ወይም ምንጣፍ። ሁለቱንም በየቀኑ ውጭ አራግፉ። በክረምት የውስጡ ምንጣፍ ቶሎ ይረጥባል፤ እርጥቡን ጣውላው ላይ አታቆዩ። ሁለት ይኑራችሁና ተራ በተራ አድርቁ።

ሥሩ ጎማ ወይም ፕላስቲክ የሆነ ምንጣፍ ግን አልመክርም። ቫርኒሽ ላይ ለረጅም ጊዜ ከተቀመጠ ቅቡን ቀለም ያስቀይራል፣ ከሥሩም እርጥበት ያፍናል።

ጫማ በር ላይ ማውለቅ ከሁሉም ይበልጣል። እንግዳ አውልቅ ማለት ለሚከብደን ሰዎች፣ በር ሥር ንጹሕ ነጠላ ጫማ ደርድሮ ማስቀመጥ ነገሩን ያቀለዋል። እንግዳው አይቶ ራሱ ያወልቃል። ለሽማግሌና ለእናቶች ግን አታስቸግሯቸው፤ እነሱ ከሄዱ በኋላ መጥረግ ነው።

በየቀኑና በየሳምንቱ

በየቀኑ መጥረግ፣ በሳምንት አንዴ መወልወል። መጥረጊያው ለስላሳ ይሁን። ቫኪዩም ያላችሁ የሚሽከረከረውን ብሩሽ አጥፍታችሁ ተጠቀሙ፤ ብሩሹ ይቧጭራል። ስትጠርጉ በጣውላው መስመር ሂዱ። በመገጣጠሚያው ውስጥ የተቀመጠው አቧራ የሚወጣው እንደዚያ ነው።

መወልወል ላይ ቆም እንበል፣ ምክንያቱም ስህተቱ የሚሠራው እዚህ ነው። ለቫርኒሽ ወለል ግማሽ ባልዲ ለብ ያለ ውሃ ይበቃል። ለስላሳ የሆነ ፈሳሽ የዕቃ ሳሙና ጥቂት ጠብታ ጨምሩበት፣ አረፋ እስኪሆን አይደለም። ጨርቁን ነክራችሁ ጨምቁት። ከዚያ እንደገና ጨምቁት። ከፍ አድርጋችሁ ስትይዙት አንድም ጠብታ መንጠብጠብ የለበትም። ወለሉን ካለፋችሁበት በኋላ እርጥበቱ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ካልጠፋ ጨርቁ ገና ብዙ ውሃ ይዟል። ክፍሉን በሙሉ ወልውላችሁ አትሂዱ፤ ትንሽ ትንሽ እየወለወላችሁ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ ተከተሉ። ውሃው ሲቆሽሽ ቀይሩ፤ አለበለዚያ ቆሻሻውን መልሳችሁ እየቀባችሁት ነው።

ለሰምና ለጎማላካ ወለል ውሃ የለም። ደረቅ ለስላሳ ጨርቅ ብቻ። የተጣበቀ ነገር ካለ ጨርቁን አርጥባችሁ እዚያችው ቦታ ብቻ አሹና ወዲያው አድርቁ።

አሁን ደግሞ የማይደረጉት። በረኪና ቅቡን ይበላል፣ እንጨቱንም ያነጣል። ኦሞ ኃይለኛ ነው፣ ሲደርቅ ነጭ ዱቄት ይተዋል። አቼቶና ሎሚ አሲድ ናቸው። አንዴ ሁለቴ ምንም አይመስልም፣ እየቆየ ግን የቅቡን ወዝ ይወስዳል።

ናፍጣና ነጭ ጋዝ የሚለው ልማድ በብዙ ቤት አለ። «ያበራል፣ ምስጥም ያባርራል» ይባላል። ማብራቱ እውነት ነው፣ ለአንድ ቀን። ከዚያ በኋላ የቀረው ቅባት አቧራ ይስባል፣ ወለሉ በየሳምንቱ እየጠቆረ ይሄዳል። ሽታው መሬት ላይ ለሚድኽ ሕፃን መጥፎ ነው። ከሰል በሚነድበት ቤት ውስጥ ደግሞ ጋዝ የጠጣ ጣውላ ማለት እሳት መጥራት ነው። እባካችሁ ተዉት።

የምግብ ዘይትም እንዲሁ። የፓልም ዘይት አይደርቅም፣ ይሸታል፣ ይጣበቃል። ለሲሚንቶ ወለል የሚሸጠው ቀለም ያለው ሰምም ለእንጨት አይሆንም። ቀለሙ በእንጨቱ ቀዳዳ ገብቶ ይቀራል፣ ካልተፋቀ አይወጣም።

የወንበርና የአልጋ እግር

ያረጀ ባና ካላችሁ አትጣሉት። በወንበሩ እግር ልክ ክብ ክብ አድርጋችሁ ቆርጣችሁ በኮላ ለጥፉት። ከሱቅ ከሚገዛው አይተናነስም። በየጊዜው ገልብጣችሁ እዩ፤ ጠጠር ከያዘ ራሱ መቧጨሪያ ይሆናል። ጥቁር የጎማ መጫሚያ ግን መስመር ይተዋል። ሶፋና ቁምሳጥን ስታዛውሩ አትጎትቱ። ሁለት ሰው ያንሳ፤ ሰው ከሌለ ወፍራም ብርድ ልብስ ከሥር አስገብታችሁ ብርድ ልብሱን ሳቡ።

ቡና፣ ቄጤማና ድግስ

በእኛ ቤት ቡና ሳይፈላ አይዋልም፣ ወለሉ የሚፈተነውም እዚያ ነው። ቄጤማ ትኩስና እርጥብ ነው። ጣውላው ላይ ተጎዝጉዞ ካደረ ሥሩ ውሃ ያቁራል፣ ጠዋት ላይ ሲነሳ ነጣ ወይም አረንጓዴ ያለ እድፍ ይተዋል። ቄጤማውን ለማስቀረት አይደለም የምመክረው። ያለ ቄጤማ ቡናው ምን ይሆናል? ከሥሩ ግን ሰፊ ሰሌን አንጥፉ። ሳሩን ከመጎዝጎዛችሁ በፊት አራግፋችሁ ውሃውን አስወግዱ። ቡናው ሲነሳ ሳሩም ይነሳ፣ ሰሌኑም ወጥቶ ይሰጣ።

ምድጃው ሌላ ነገር ነው። ፍንጣሪ ከሰል መዝለሉን ሁሉም ያውቃል። ብዙዎች የማያስተውሉት ከምድጃው ሥር የሚወርደውን ሙቀት ነው። ምድጃው ዝቅተኛ ከሆነ ጣውላውን ቀስ በቀስ ያደርቃል፣ ቅቡን ያቃጥላል፣ ክብ ጥቁር ምልክት ይቀራል። ስለዚህ ምድጃው ጣውላ ላይ በቀጥታ አይቀመጥ። ከሕንፃ ሥራ የተረፈ ጡብ ደርድራችሁ ላዩ ላይ ሴራሚክ አድርጉ። ሴራሚኩ ከምድጃው በየአቅጣጫው አንድ ስንዝር ይውጣ፣ ፍንጣሪውን እንዲይዝ። ሴራሚክ ብቻውን ጣውላ ላይ ካረፈ ሙቀቱን ያሳልፋል፤ ጡቡ በመካከሉ አየር ይፈጥራል።

ጎረቤት ቤት ሄዳችሁ ምድጃው ጣውላው ላይ ተቀምጦ ብታዩ በጨዋ ደንብ ማለት ይቻላል። «እትዬ፣ ምድጃውን ጡብ ላይ ላድርግልዎት?» ካሏቸው፣ «አድርጊው እስቲ ልጄ» ነው መልሱ። ማንም አይቀየምም።

ረከቦቱ ሥር ጨርቅ ይኑር። ሲኒ ሲለቀለቅ የሚፈሰው ውሃ ትንሽ ይመስላል፣ ሦስት ጊዜ በየቀኑ ሲሆን ግን ትንሽ አይደለም።

ጥምቀት ሲደርስ ነገሩ ሌላ ነው። ጥር 10 እና 11 ጎንደር እንግዳ የማያድርበት ቤት የለም ማለት ይቻላል። ከቀሃ የመጣ እግር አቧራ ይዞ ይገባል፣ ጠላው ይፈሳል፣ ሻማ ይንጠባጠባል። በእነዚያ ቀናት ወለሉን አትወልውሉ። ጥረጉ ብቻ። ሰው የሚበዛበትን ክፍል ምንጣፍ አልብሱት። የፈሰሰውን በፈሰሰበት ደቂቃ በደረቅ ጨርቅ አንሱ፤ አንድ ሰው በዚህ ላይ ይመደብ፣ ከልጆቹ አንዱ ቢሆን ይወዱታል። እንግዳው ሲሄድ አረፍ ብላችሁ አጽዱ።

ክረምት ከመግባቱ በፊት

ግንቦት ላይ አንድ ቅዳሜ ለዚህ ስጡ። መጀመሪያ ጣሪያ። ቆርቆሮው ላይ የላላ ሚስማር፣ የዛገ ቦታ ካለ አሁን ይጠገን። አሸንዳው ውስጥ የተጠራቀመ ቅጠልና አፈር ይጠረግ። አሸንዳ ሲደፈን ውሃው በግድግዳው ይወርዳል፣ ግድግዳው ሥር ይጠራቀማል፣ ከዚያ ወደ ወለሉ ሥር ይገባል። ጣሪያው ሳያፈስ ወለሉ የሚበሰብሰው እንደዚህ ነው።

ሁለተኛ፣ የወለሉ ሥር። አሮጌ ጣውላ ወለል በአግዳሚ እንጨት ላይ ተመትቶ ከሥሩ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይችላል። በዚህ ዓይነት ቤት በውጭ ግድግዳው ዝቅ ብሎ ትናንሽ ቀዳዳዎች አሉ። እነዚህ ቀዳዳዎች የቤቱ መተንፈሻ ናቸው። አይጥ እንዳይገባ ተብሎ በሲሚንቶ ወይም በጭቃ ከተደፈኑ ከሥር ያለው እርጥበት መውጫ ያጣል፣ እንጨቱ ይሻግታል። ክፈቷቸው። ለአይጡ ጥቅጥቅ ያለ የሽቦ ወንፊት በሚስማር ምቱበት። ቀዳዳው ፊት የተከመረ አፈር፣ ጠጠር ወይም ማገዶ ካለ አንሱት።

ሦስተኛ፣ ምስጥና ነቀዝ። ምስጥ ከመሬት ነው የሚመጣው፤ በግድግዳው ወይም በመሠረቱ ላይ የጣት ያህል ስፋት ያለው የጭቃ መንገድ ይሠራል። ያንን ካያችሁ ፍርፍር አድርጋችሁ እዩ፤ ውስጡ ነጫጭ ትሎች የመሰሉ ካሉ ሠራተኛ ሳይውል ሳያድር ይጠራ። ነቀዝ ደግሞ የመርፌ ቀዳዳ የመሰለ ብዙ ቀዳዳ ይተዋል፣ ከሥሩ እንደ ዱቄት የላመ ነገር ይከመራል። ጣውላውን በቢላ ጫፍ ወጋ አድርጉት። ጠንካራ ከሆነ መልካም፤ ቢላው ያለ ችግር ከገባ ያ ጣውላ መቀየር አለበት። ሲቀየር ጥድ ማግኘት ከተቻለ ጥሩ ነው፤ ልቡ ምስጥን ይቋቋማል። ባሕር ዛፍ ጠንካራ ቢሆንም በደንብ ካልደረቀ ይጣመማል፣ ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከየትኛውም እንጨት ይሁን፣ ትናንት የተሰነጠቀ እርጥብ ጣውላ አትግዙ። አናጢው «ይደርቃል» ቢላችሁ እናንተ ቤት ውስጥ ነው የሚደርቀው፣ ሲደርቅም ክፍተት ይተዋል።

ክረምት ውስጥ

ሐምሌ ላይ በሮች መግጠም እምቢ ሲሉ ጣውላውም አብጧል። የበጋው ክፍተት ይዘጋል። ይህ ደግ ነው።

ችግሩ ጣውላዎቹ ዳር ዳራቸው ከፍ ብሎ መሃላቸው ሲጎደጉድ ነው። በባዶ እግር ስትራመዱ ይሰማችኋል። ይህ ማለት ከሥር ያለው እርጥበት ከላዩ በልጧል። ምክንያቱን ፈልጉ፦ የሚያንጠባጥብ ቧንቧ፣ የተደፈነ ቀዳዳ፣ ከግድግዳ የሚወርድ ውሃ። ምክንያቱ ከጠፋ እንጨቱ ቀስ ብሎ ወደ ነበረበት ሊመለስ ይችላል። ታገሡ።

በዚህ ወቅት ግን አታስፍቁት። ይህን አጥብቄ የምለው ጉዳቱ ስለማይመለስ ነው። ዳሩ ከፍ ባለበት ሰዓት በማሽን ቢፋቅ ለጊዜው ልሙጥ ይሆናል። በጋ መጥቶ ጣውላው ሲስተካከል የተፋቀው ዳር ዝቅ ይላል፣ መሃሉ ያብጣል። ማስተካከያው እንደገና መፋቅ ብቻ ነው፣ ጣውላው እስኪሳሳ።

በክረምት ጠዋት ጭጋግ ሲሆን መስኮት ዝጉ። ፀሐይ ስትወጣ፣ ረፋድ ላይ፣ ፊትና ኋላ ያሉ መስኮቶችን ከፍታችሁ አየር አሳልፉ። ልብስ ጣውላ ወለል ባለበት ክፍል ውስጥ አታስጡ። የአበባ ማሰሮ ሥር ሳህን ብቻ አይበቃም፤ ሸክላ ላብ ያወጣል። ከወለሉ ከፍ ያለ ነገር ላይ አስቀምጡት። ጀሪካንና የውሃ በርሜልም እንዲሁ።

በጋ

ክፍተት ይታያል። አትድፈኑት። በስቱኮ ብትሞሉት በክረምት ጣውላው ሲያብጥ ቦታ ያጣል፣ ጎን ለጎን ይገፋፋል፣ ይነሳል። ስቱኮውም ተሰነጣጥቆ ይወጣል። ሳንቲም የሚያስገባ ክፍተት ዓመቱን ሙሉ የማይዘጋ ከሆነ ግን ቀጭን የእንጨት ቁራጭ በአናጢ ይገባበታል። አንዱ ጎኑ ብቻ በኮላ ይያዝ፣ ሌላው ጎን ነፃ ሆኖ እንዲንቀሳቀስ።

ወለሉ ሲንጫጫ የሕፃን ፓውደር በመገጣጠሚያው ነስንሳችሁ ጣውላውን እየረገጣችሁ ወደ ውስጥ አስገቡ። ብዙ ጊዜ ይበቃል። ካልበቃ ሚስማሩ ላልቷል። ሚስማር ደጋግሞ ከመምታት ይልቅ ከአግዳሚው እንጨት ጋር በእንጨት ብሎን ማሠር ይሻላል፤ ጭንቅላቱ ከጣውላው ፊት ዝቅ ይበል።

የበጋ ፀሐይ በመስኮት ገብቶ ጣውላውን ያደበዝዛል። መጋረጃ ሳቡ። ምንጣፍንም በየጊዜው አንቀሳቅሱት፤ አለበለዚያ ሲነሳ ሥሩ በቀለም ተለይቶ ይቀራል።

እድፍ

የሻማ ሰም፦ በረዶ በፌስታል አድርጋችሁ አስቀምጡበት። ሲደርቅና ሲሰባበር በፕላስቲክ ነገር ፋቁት፣ በቢላ አይደለም። የቀረውን ነጭ ወረቀት አድርጋችሁ በጣም ዝቅተኛ ሙቀት ባለው ካውያ ለአፍታ ንኩት፤ ወረቀቱ ይጠጣዋል።

ቅቤና ወጥ፦ ወዲያው በደረቅ ጨርቅ አንሱ። ቫርኒሽ ላይ በሳሙና ውሃ በረጠበ ጨርቅ ጥረጉ። ሰም ወለል ላይ ዱቄት ነስንሱበት፤ ቅባቱን ጠጥቶ ሲያድር ጠርጉት።

ነጭ ምልክት፦ እርጥበቱ ገና ቅቡ ውስጥ ነው፣ እንጨቱን አልነካም። ጥቂት ቀን ጠብቁት፤ ራሱ ሊጠፋ ይችላል። ካልጠፋ በሰም ወለል ላይ ጥቂት ሰም በለስላሳ ጨርቅ በመስመሩ እሹት።

ጥቁር ምልክት፦ ይህ ውሃው እንጨቱ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው። ብረት የነካው ከሆነ ደግሞ ይብስበታል። የቆርቆሮ ጣሳ ወይም የዛገ የአልጋ እግር እርጥብ ጣውላ ላይ ሲቆይ፣ ብረቱ በእንጨቱ ውስጥ ካለው ታኒን ከሚባል ንጥረ ነገር ጋር ተዋሕዶ ጥቁር ቀለም ይሠራል። ይህ በሳሙና አይወጣም። ቅቡ ተነስቶ በኦክሳሊክ አሲድ ነው የሚነጣው። አሲዱ መርዝ ነው። ጓንት፣ መስኮት የተከፈተ ክፍል፣ ልጆች የሌሉበት ሰዓት ያስፈልጋል። በራሳችሁ ካልተማመናችሁ ለሚያውቅ ሰው ስጡት።

ከሰል ያቃጠለው፦ ጥልቅ ካልሆነ በቀጭን ብርጭቆ ወረቀት በመስመሩ ብቻ ፋቁ፣ ከዚያ ያችኑ ቦታ መልሳችሁ ቀቡ።

ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰም

ሰም ወለል ላላችሁ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ጎንደር ዙሪያ ማር ያለበት አገር ነው፣ ጧፍ የሚሠራበት ሰምም ገበያ ላይ አይጠፋም። ቫርኒሽ ላይ ግን ሰም አትቀቡ። ያንሸራትታል፣ ኋላ ደግሞ አዲስ ቫርኒሽ አይይዝም።

100 ግራም ንጹሕ የማር ሰምና ከ300 እስከ 400 ሚሊ ሊትር አኳራጃ ያስፈልጋል። አኳራጃ ተቀጣጣይ ነው፣ ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አታዛቡ።

1. ሰሙን በትናንሹ ፈቅፍቁትና ጣሳ ውስጥ አድርጉት። ጣሳውን ሙቅ ውሃ ያለበት ድስት ውስጥ አስቀምጡ። ሰም በ63 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ ስለሚቀልጥ ውሃው መፍላት አያስፈልገውም።

2. ሲቀልጥ ጣሳውን ከእሳቱ አርቃችሁ ወደ ውጭ፣ ደጅ አውጡት። ከሰል፣ ሲጋራ፣ ሻማ አጠገብ አይኑር። አኳራጃውን እዚያ ቀስ እያላችሁ ጨምሩና አማስሉ። አኳራጃ በምንም ምክንያት እሳት ላይ አይውጣ።

3. ሲቀዘቅዝ እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ክዳን ባለው ዕቃ አድርጋችሁ ልጆች ከማይደርሱበት አስቀምጡ።

4. ወለሉን ጥረጉ፣ በደረቅ ጨርቅ አጽዱ። ሰሙን በትንሽ ጨርቅ በጣም ሳሳ አድርጋችሁ በመስመሩ ቀቡ። ብዙ ሰም ብዙ ማብራት አይደለም፤ ወፍራም ሰም ይጣበቃል፣ አቧራ ይይዛል።

5. መስኮት ከፍታችሁ ግማሽ ሰዓት ያህል ጠብቁ። ከዚያ በንጹሕ የጥጥ ወይም የሱፍ ጨርቅ ክንዳችሁ እስኪደክም እሹ። ማብራቱ የሚመጣው ከማሸቱ ነው።

በዓመት አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ይበቃል። ጥቅምት ላይ፣ ክረምቱ አልፎ ወለሉ ሲደርቅ፣ ጥሩ ጊዜ ነው። ከዚያ ለጥምቀት አንዴ ማሸት ብቻ ይበቃዋል።

የተልባ ዘይት የምትጠቀሙ ካላችሁ፣ እሱም ለእንጨት የታወቀ መልካም ዘይት ነው። ግን ዘይቱ የነካው ጨርቅ ተጨብጦ ከተቀመጠ ራሱን በራሱ ያሞቃል፣ ያለ ክብሪት ሊነድ ይችላል። ጨርቁን ደጅ ዘርግታችሁ አድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ዘፍቁት። ቆሻሻ ቅርጫት ውስጥ አትጣሉት።

ተፍቆ እንደገና ሲቀባ

ይህ በየዓመቱ የሚሠራ አይደለም። ቅቡ ሲያልቅ፣ የውሃው ጠብታ በብዙ ቦታ ሲሰርግ ነው። ጊዜው ከኅዳር በኋላ ይሁን፣ እንጨቱ ደርቆ። ሠራተኛ ስትጠሩ ሁለት ነገር ጠይቁ፦ በስንት ዓይነት ብርጭቆ ወረቀት ነው የምትፍቀው? ስንት ጊዜ ነው የምትቀባው? በአንድ ወረቀት ፍቆ አንዴ ቀብቶ የሚሄድ ከሆነ ሌላ ፈልጉ።

በትክክል ሲሠራ በሸካራው ይጀመራል፣ 40 ወይም 60 ቁጥር። ከዚያ 80፣ ከዚያ 100 ወይም 120። ቁጥር መዝለል የመጀመሪያው ጭረት እንዲቀር ያደርጋል፣ ቫርኒሹ ሲቀባ ደግሞ ጭረቱ ፍጥጥ ብሎ ይወጣል። ሁልጊዜ በጣውላው መስመር። ከመጀመራቸው በፊት ሚስማሮች ሁሉ ዝቅ ተደርገው መመታት አለባቸው። ፓርኬት ስስ ከሆነ ግን መፋቅ ሊበሳው ይችላል፤ ውፍረቱን በአንድ ጥግ አስወጥታችሁ እዩ።

የፍቅፋቂው ብናኝ ለሳንባ መጥፎ ነው። ማስክ ይደረግ፣ ሕፃንና አስም ያለበት ሰው ከቤት ይውጣ። በጣም አሮጌ ቤት ከሆነና ጣውላው ቀለም የተቀባ ከሆነ፣ የድሮ ቀለም እርሳስ ሊኖረው ስለሚችል በደረቁ አይፋቅ። ሰጋቱራው በጆንያ ታጭቆ ቤት ውስጥ አይደር፤ ቅብ የተቀላቀለበት የማሽን ብናኝ ሊሞቅና ሊነድ ይችላል። ከብርጭቆ ወረቀት የወጣውን ብናኝ ደግሞ ለቄብና ለዶሮ ማጎዝጎዣ አትስጡት፣ ቅቡ መርዝ ነው።

ቫርኒሹ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ፣ ሳሳ እየተደረገ ይቀባል። በመካከሉ በ220 ቁጥር ቀለል አድርጎ ማሸት፣ ብናኙን በረጠበ ጨርቅ ማንሳት። በበጋ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አቧራ ስለሚያስነሳ ጠዋት ቀቡ፣ ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለውን መስኮት ዝጉ፣ በሌላው በኩል አየር ይውጣ። በዘይት የተሠራ ቫርኒሽ በአንድ ቅብና በሌላው መካከል ብዙውን ጊዜ አንድ ቀን ይፈልጋል፤ ጣሳው ላይ የተጻፈውን እዩና እሱን ተከተሉ። የጎንደር ሌሊት ስለሚቀዘቅዝ ከተጻፈው ትንሽ አስረዝሙት።

የመጨረሻው ቅብ ከደረቀ በኋላ በካልሲ መራመድ ይቻላል። የቤት ዕቃ ጥቂት ቀን ይጠብቅ፣ ሲገባም ተነስቶ እንጂ ተጎትቶ አይግባ። ምንጣፍ ግን ወር እስኪሞላ አትመልሱ፤ ቫርኒሹ ላዩ ቢደርቅም ውስጡ ገና እየጠነከረ ነው፣ ከታፈነ የምንጣፉን መልክ ይዞ ይቀራል።